ማንጎዋ ልብስ ለበሰች

ኑ፣ ጠጋ በሉ። እጃችሁንም ሰብስቡ፤ ታሪኩ እጇ አላርፍ ስላላት ልጅ ነው።

ልጅቷ ምንታምር ትባላለች፤ የምትኖረው አርባ ምንጭ ነው። እሷ ስትወለድ አባቷ በግቢያቸው ማንጎ ተከለ። ዛፉ ውሃ እየጠጣ አደገ፤ እሷም ወተት እየጠጣች አደገች።

ዘንድሮ ዛፉ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈራ። ያፈራው ግን ሦስት ፍሬ ብቻ ነው። ስስታም ዛፍ።

አባቷ የጭነት መኪና ይነዳል። ወደ ሞያሌ ሲሄድ «እኔ ሳልቀምስ እንዳትጨርሱ» ብሎ ነበር።

ጦጣዎች ዛፉን ማየት ጀመሩ። እናቷ «እነዚህ ሌቦች ሳይቀድሙን» ብላ፣ ሦስቱንም ገና ጠንካራ ሳሉ ቀጠፈቻቸው።

«አባባ እስኪመጣ ይቆያሉ?» አለች ምንታምር።

«እንጃ» አለች እናቷ። «ማንጎ ቀጠሮ አያከብርም።»

ምንታምር አሰበች። እናቷ አቮካዶ የምታስቀምጠው የት ነው? ጤፍ ውስጥ። ስለዚህ አንዷን ማንጎ ጤፍ ጆንያ ውስጥ ቀበረቻት።

ቀብራ ዝም ብትል ጥሩ። ዝም አላለችም። ሄደች፣ ቆፈረች፣ ማንጎዋን በአውራ ጣቷ ተጫነቻት።

«ጫን፣ ጫን፣ ደህና ነሽ ወይ?»

ብዙም ሳይቆይ ማንጎዋ ልፍስፍስ አለች።

«ጤፍ ውስጥ የሚቀበረው እኮ ቶሎ እንዲበስል ነው» አለች እናቷ። «አንቺ እንድትቆይ ፈልገሽ ታስቸኩያታለሽ?»

ምን ይደረግ? በሏት። ጣፈጠች፤ ምንታምር ግን እየበላች አለቀሰች።

ያን ቀን አባቷ ደወለ። «መኪናዋ መንገድ ላይ ተበላሸችብኝ። እቆያለሁ።»

ምንታምር መቀመጥ አቃታት። ከቤት ወደ በር፣ ከበር ወደ ቤት።

«የኔ ፀጉር እንዳይደርቅ ቅቤ እቀባለሁ» አለች ለራሷ። ሁለተኛዋን ማንጎ ቅቤ ቀባቻት። ከዚያም በየደቂቃው ሮጣ ትሄዳለች።

«ጫን፣ ጫን፣ ደህና ነሽ ወይ?»

ቅቤው በሙቀቱ ቀለጠ። ጉንዳኖች መጡ፤ ተር፣ ተር፣ ተር። ጣቷ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ጠቁሮ በሰበሰ። ማንጎዋ ለፍየሏ ተሰጠች።

አንዲት ብቻ ቀረች።

ምንታምር አንዷን ማንጎ አቅፋ ጎረቤት ሮጠች። እዚያ እትዬ አስካለች አሉ፤ ገበያ ላይ ፍራፍሬ ይሸጣሉ። ምላሳቸው ከቢላዋቸው ይልቅ ስል ነው።

«እትዬ፣ የእርስዎ ማንጎ ለምን አይበላሽም?»

«አንቺ ስለማትነኪው» አሉ እትዬ አስካለች። «ነይ ግቢ።»

ማንጎዋን አገላብጠው አዩ። «ፍሬ ከዛፍ ቢወርድም ይተነፍሳል። ውሃው ሲወጣበት ይጨማደዳል፤ እንደ እኔ ፊት። ስለዚህ ልብስ እናለብሳታለን።»

«ከምን?»

«ከተልባ።»

«እኔም እኮ ሁለተኛዋን ቅቤ አልብሼያት ነበር።»

«ቅቤ ካፖርት ነው። በዚህ ሙቀት ካፖርት ታለብሻታለሽ? ስስ ነው የሚያስፈልጋት፤ ቀስ ብላ እንድትተነፍስ።»

ተልባውን በውሃ አፈሉት፤ ቡልቅ፣ ቡልቅ። አጠለሉት። የወጣው ውሃ ሙልጭልጭ ያለ ነው፤ የእንቁላል ነጩን ይመስላል። ምንታምር በጣቷ ቀምሳ ሳቀች።

ሲቀዘቅዝ ማንጎዋን አጥበው ነከሯት፤ ጥልቅ! ከዚያ ጥላ ውስጥ አንጠለጠሏት። ስትደርቅ ልብሱ አይታይም፤ ማንጎዋ ግን አብለጨለጨች።

«አለቀ?» አለች ምንታምር።

«ከባዱ ሥራ ገና ነው።»

«ምንድን ነው?»

«አለመንካት።»

ምንታምር ማንጎዋን ቤት ወስዳ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠቻት። ወዲያው እጇን በላት። ሄደች፣ ጣቷን ዘረጋች።

ቆመች። ጣቷን ኪሷ ከተተችው። «ደህና ነሽ ወይ?» አለች ከሩቅ።

ማንጎዋ አልመለሰችም።

መሬት ላይ ተቀምጣ እጇን መቀመጫዋ ሥር ደበቀች። ተነሳች። ግቢውን ዞረች። ፍየሏን አሳደደች። ፍየሏም ታከታት።

መሸ፣ ነጋ። ደግሞ መሸ፣ ደግሞ ነጋ። አባባ አልመጣም። ማንጎዋ ቀስ እያለች ቢጫ ሆነች፤ ቆዳዋ ግን አልተጨማደደም።

«እማዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልንካት?»

«አንቺ ታውቂያለሽ» አለች እናቷ።

ምንታምር ታውቃለች። አልነካቻትም።

አንድ ቀን፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ከበሩ ውጭ ድምፅ ተሰማ። ፒጵ! ፒጵ!

አባባ ነው። አቧራው ሳይራገፍ ምንታምር ተጠመጠመችበት። ከዚያ ማንጎዋን በሁለት እጇ ይዛ መጣች።

«ገና አለች እንዴ?» አለ አባቷ። «እኔስ ቀርቶብኛል ብዬ ነበር። ምንድን ነው የሚያብለጨልጨው?»

«ልብሷ ነው። ይበላል።»

አባቷ ቆርጦ ጎረሰ። ዓይኑን ጨፈነ።

«ጣፈጠች? ተናገር እንጂ አባባ።»

አባቷ አፉ ሞልቶ ነበር። አንዱን ቁራጭ እሷን አጎረሳት፤ ሌላውን እናቷን።

ምንታምር አባቷ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። የማንጎው ጭማቂ እስከ ክርኗ ወርዷል። እናቷ እርጥብ ጨርቅ ይዛ መጣች።

«ተያት» አለ አባቷ በሹክሹክታ። «ነገ ትታጠባለች።»