ስድስት ሰዓት ወደኋላ

ዩሱፍ ላፕቶፑን በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ አመጣው።

«አልከፍት አለ። በስምንት ሰዓት ራሱ ይከፍታል ተብሎ ነበር። ዝም።»

ጠጋኟ ምኑን እንደሚከፍት ጠየቀችው።

«እሱ አያገባሽም፣ አቦ። ሥሪው ብቻ።»

ወንበር ስቦ በሩ ላይ ተቀመጠ። መውጫው ተዘጋ።

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ከሃያ ነበር። ውጭ፣ መኪና ግርግር በሚባለው የሐረር መንገድ ላይ፣ የልብስ ሰፊዎቹ መኪኖች ይንጫጫሉ። ጀጎል ውስጥ ጽጌሬዳ ይሏታል፤ አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ሊኑክስ የተባለ ነፃ ሥርዓት እየጫነች ነፍስ የምትዘራባቸው ሴት። በስውር የምትሠራለት የደኅንነት መሥሪያ ቤት የሚያውቃት «ሰፌድ» በሚል ስም ነው። ዐሥር ወር የጠበቀችው ይህን ላፕቶፕ ነበር።

ባለቤቱ ሐምዛ ነው። ከሶፊ በሚነሱ የጫት መኪኖች መሣሪያ ያሻግራል። ይህን ለመሥሪያ ቤቱ የነገረችው ሀቢባ ናት፤ የሐምዛ መጋዘን ውስጥ መኪኖቹን የምትመዘግብ፣ የአልጋ ቁራኛ እናቷን የምታስታምም ልጅ። ሐምዛ ማን እንደነገረበት አያውቅም። ቢያውቅ ሀቢባ በሕይወት አታድርም።

ደንቡ ግልጽ ነው። ዕቃው ሲመጣ ለአለቃዋ ለለገሠ ትደውላለች።

«ያ ዕቃ መጥቷል፣ ጋሼ።»

ለገሠ «ማን አመጣው?» አላት።

«ከባለቤቱ የተላከ ሰው። እዚሁ ተቀምጧል። ልየው?»

«አትነካኪው። እንዳለ መልሺለት።»

ከድምፁ ኋላ አንድ የሚኒባስ ረዳት «ድሬ! አንድ ሰው ድሬ!» እያለ ይጣራል። ለገሠ ዛሬ ከቤት እንደማይወጣ ጠዋት ነግሯት ነበር።

«ለማን ነው የደወልሽው?» አለ ዩሱፍ።

«ዕቃ ለሚያመጡልኝ ሰውዬ። አንተ ብላቸው ይደብቁብኛል፤ ጋሼ ስላቸው ያወጡታል።»

ዩሱፍ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። አንዲት ቃል ቆርቁራታለች።

አትነካኪው።

ሊኑክስን ያስተማራት ለገሠ ነው። ቅዳሜና እሑድ የተጣሉ ማሽኖች እየፈታ ይገጥማል፤ ለመዝናናት ስክሪፕት፣ ማሽን የሚያዝበት አጭር ጽሑፍ፣ ይጽፋል። ኮምፒውተር በማንበብ አይገባም ባይ ነበር። «ነካኪው፤ ሲበላሽ ይገባሻል» ይላት ነበር። በአራት ዓመት አንድ ቀን እንኳ አትንኪ ብሏት አያውቅም።

ማሽኑን ከፈተችው። ዓይኗ መጀመሪያ ሰዓቱ ላይ አረፈ። ስምንት ከሃያ አምስት ይላል።

«ሰዓቱን ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ» አለ ዩሱፍ ኮራ ብሎ። «ወላሂ በስድስት ሰዓት ተሳስቶ ነበር። የፈረንጅ ሰዓት ምን ይሠራልናል?»

ሐረር ውስጥ ከምትጠግናቸው ማሽኖች ግማሹ እንዲሁ ነው። ባለቤቱ በእጁ ወደ ሐበሻ ሰዓት ይመልሰዋል። ማሽኑ ግን ይህን አያውቅም፤ የተሰጠውን ያምናል።

በቀጠሮ የሚነሱትን ሥራዎች ዘረዘረች። አንድ መስመር ብቻ። አንድ ስክሪፕት በዐሥራ አራት ሰዓት ይነሳል። የጻፈው ሰው ሥራውን ያውቃል፤ ለእኛ ስምንት ሰዓት ለማሽኑ ዐሥራ አራት ነው። የዩሱፍን እጅ ግን አልቆጠረም። በዚህ ሰዓት ከሄደ ስክሪፕቱ የሚነሳው ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።

ከፈተችው።

አምስት የመረጃ መያዣዎች አሉ። ስማቸው ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር።

መያዣዎቹን በጀጎል በሮች የሚሰይም አንድ ሰው ብቻ ታውቃለች። በየቀኑ የምታልፊበትን ስም አትረሺውም ብሎ ለእሷም አስተምሯታል።

ስክሪፕቱ የተቆለፈ ፋይል ይከፍታል። ቁልፉ እዚያው ተጽፏል። ከፈተችው። ሦስት ስሞች፣ ከነአድራሻቸው።

የመጀመሪያዋ ሀቢባ።

ለገሠ የጠቋሚዎቹን ስም ለሐምዛ ሸጧል። እሱ ድሬዳዋ መንገድ ላይ ሲሆን እንዲከፈቱ ቀጠሮ ይዞላቸዋል። አሁን ደግሞ ማሽኑ በማን እጅ እንዳለ ያውቃል። የነገረችው ራሷ ናት።

ባሏ የሞተ ጊዜ ለገሠ ሦስት ሌሊት ድንኳን ውስጥ አድሯል። ይህን ወደ ጎን አደረገችው።

ስክሪፕቱን ወደ ፍላሽዋ ገለበጠች። ከዚያ ዋናውንም፣ የተቆለፈውንም ፋይል እንዳይመለሱ አድርጎ የሚያጠፋ ትእዛዝ ጻፈች። ከፊቱ አንዲት ቃል ጨመረች፤ ማሽኑ ከማጥፋቱ በፊት የሚያጠፋውን እንዲያሳይ። ይህም የለገሠ ትምህርት ነው።

ስክሪኑን ወደ ዩሱፍ አዞረች።

«የዘጉት እነዚህ ናቸው። ላጽዳቸው?»

«ዋናው አይጠፋም አይደል?»

«ምንም አልነካሁም። አሳየኝ ነው ያልኩት።»

የዩሱፍ ስልክ ጮኸ።

«ወዓለይኩም ሰላም፣ ሐምዛ። አዎ፣ ጥገና ቤት ነኝ። አዎ፣ እሷ ጋ።»

ዓይኑን አነሳ።

እሷ ትእዛዙን መልሳ ጠራችው። የመጀመሪያዋን ቃል አጠፋች።

ኢንተር።

«ምን አልክ?» አለ ዩሱፍ በስልኩ። ወንበሩ ወደቀ።

እሷ ፍላሹን ነቅላ ወደ ጓሮ የሚያወጣውን መጋረጃ አልፋለች። የጓሮው በር የሚያወጣው ሁለት ሰው ጎን ለጎን ወደማያሳልፍ መተላለፊያ ነው። ዐሥር ወር ሙሉ እርምጃዋን ስትቆጥርበት ኖራለች። ዩሱፍ ሲወጣ ሁለተኛውን መታጠፊያ ዞራ ነበር።

ፍላሹን ስልኳ ላይ ሰክታ ስክሪፕቱን በመንገድ ላይ ላከች። ለለገሠ ሳይሆን ከእሱ በላይ ላለው ቢሮ። እንዲያሸሿቸው የሌሎቹንም ሁለት ስሞች ጨመረች።

ሀቢባ ቤቷ በር ላይ ነበረች።

«ጫማሽን አድርጊ።»

ሀቢባ ጫማዋን አነሳች። ፊቷ ግን ተለወጠ። «እናቴን ማን ያገላብጣታል?»

ከውስጥ፣ ከመደቡ ላይ፣ የደከመ ድምፅ ማን እንደመጣ ጠየቀ።

«የኮምፒውተሯ ሴት ናት፣ እማ።»

«ታዲያ ምን ታቆሚያታለሽ፤ ሻይ ስጫት እንጂ።»

ሀቢባ ለጎረቤቷ ለሳዳ ቁልፍ ሰጠች። እናቷን እንደ ሌላው ቀን «መጣሁ» አለቻት። በፈላና በር ወጡ።

ሐምዛ በማግስቱ ከሁለት የጫት መኪኖች ጋር ተያዘ። ለገሠን ግን እነሱ በሸሹበት ዕለት ድሬ ጠያራ በሚባለው ስፍራ ከሚኒባስ አወረዱት። አልካደም አሉ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ሰዓቱን ማን ነካው?

የሀቢባ እናት በሦስተኛው ሳምንት ሞቱ። ሀቢባ ለቀብር አልደረሰችም። እንድትደርስ አልተፈቀደላትም።

በሌላ ከተማ፣ ጽጌሬዳ በሌላ ስም የከፈተቻት ትንሽ የጥገና ቤት አለች። አቶ ሥራዬ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህር አሮጌ ኮምፒውተራቸውን አምጥተው አዲስ የተጫነበትን ሊኑክስ በጥርጣሬ አዩት።

«ብነካካው ይበላሻል?» አሏት።

መልሱ አፏ ላይ መጣ። የለገሠ ቃል ነበር። ዋጠችው።

«መጀመሪያ ሰዓቱን ልይልዎት» አለች።