ኩራዝ የያዘችው ሴት

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ፣ ይህቺን ሳልነግርሽ ብውል ሆዴ ይፈነዳል።

ቀራፂው ሰኞ ጠዋት ሥራ ክፍሉ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ጭንቅላቱ የብረት መቆሚያው ጥግ ላይ፣ የጭቃ መቁረጫ ሽቦው በመዳፉ። አጠገቡ ለአገሪቱ የፊልም ሽልማት የሠራት የጭቃ ሴት ጨርቅ ለብሳ ቆማለች፤ እጇ ላይ ኩራዝ። ሽልማቱንም «ኩራዝ» ሊለው ነበር፤ ፊልም ማለት ጨለማ ክፍል ውስጥ የሚበራ ነገር ነው ብሎ።

የሽልማቱ ሊቀመንበር ግን «ዙፋን ካልተባለ!» ብሎ ዓርብ ዕለት ሲጮህበት ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ በር ላይ ይቁነጠነጣል።

መርማሪዋ፣ መርፌ የሚሏት፣ ጨርቁን ዳሰሰችው። ውሃ ያንጠባጥባል።

«ሐኪሙ የሞተው ዓርብ ማታ ነው ብሏል። ሟች ደግሞ ጨርቅ አይነክርም። ማነው ያረጠበው?»

«እኔ ከጎረቤት ጋር ነው የገባሁት፤ ምንም አልነካንም» አለች የሟቹ ልጅ፣ እንባዋን እየጠረገች።

«ጭቃ እንደ ችግኝ ውሃ ይጠጣል እንዴ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«እኔ ከሐሙስ ወዲህ ደጁንም አልረገጥኩ» አለ ነሐስ አቅላጩ፣ የጭቃዋን ሴት ወደ ነሐስ ሊለውጣት የነበረው የሟቹ አብሮ አደግ።

መርፌ ጨርቁን ገፈፈችው። ኩራዙን የያዘው እጅ አንጓው ላይ ግማሽ ድረስ ተቆርጧል።

«ራሱ ነዋ!» አለ ሊቀመንበሩ። «ዓርብ ማታውኑ ደውሎ ‹ተሸነፍኩ፤ ኩራዙን ቆርጬ ዙፋን ላይ አስቀምጣታለሁ› አለኝ።»

«አባቴ? ውሸት ነው!»

መርፌ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ፀሐይዋ ጭቃዋ ላይ አረፈች። ሁሉንም አስቀመጠቻቸውና ሆን ብላ እየተንቀረፈፈች ጀመረች።

«ሽቦው በሟቹ እጅ ነው፤ ስለዚህ የቆረጠው እሱ ነው። ሊቀመንበሩ አሸንፏል፤ ያሸነፈ ሰው ምን ብሎ ይገድላል? ገዳዩ መቆረጧ ያንገበገበው ነው። ኋላም ተመልሶ መጥቶ ውሃ ያጠጣት፣ ጭቃ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ የሚያውቅ...»

ሁሉም አፍ አፏን ያያሉ። አቅላጩ ብቻ ጭቃዋን። ትከሻዋ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ብቅ አለች። በመጨረሻ ብድግ ብሎ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ነከረና አለበሳት።

ዞር ሲል ሁሉም እሱን ያያሉ፤ ያኔ ነው የነቃው።

«አጎቴ...» አለች ልጅቷ፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንደምትጠራው።

«ሽቦውን ላስጥለው ገፋሁት እንጂ... ወደቀብኝ።»

ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ከሊቀመንበሩ ወደሱ ዞረ።

«ጋሼ» አለችው መርፌ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዝም ብለው ቢቀመጡ ኖሮ ምን ይዤ እከስዎት ነበር? ለምን ተነሡ?»

አቅላጩ የመለሰላትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገርሽ፦

«እሱን ገደልኩት፤ እሷንም ቁጭ ብዬ ልይ?»