የማይቆመው ባቡር

ስሜነህ ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት የማይሆንለት ሰው ነበር። አዲስ አበባ ተወልዶ ላደገ ሰው ይህ ጉድ ነው፤ ግን ድምፁ ዝግ ያለ ስለሆነ እሱን ለመስማት ጠጋ ማለት ያስፈልጋል። ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ደጋግሞ ተናግሮ፣ ዘፈኑ ውጦት፣ ረዳቱ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየው ሲቀር፣ አጠገቡ የተቀመጠችው ፋና ሳቋን መያዝ አቃታት።

መንገዱን ሁሉ በጥያቄ ሲያጣድፋት ነው የመጣው። ያ ተራራ ማን ይባላል? ይህ ሁሉ ዛፍ ለምን በመስመር ተተከለ? ለከሰል ነው አለችው። ከሰሉስ የት ይሄዳል? አዲስ አበባ። በምን? በመኪና ነዋ፣ በምን ሊሆን ኖሯል? እሱ ግን መልሷን ትልቅ ነገር እንደነገሩት ሰው ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ዞሮ ያስባል፤ ትንሽ ቆይቶ ሌላ ይጠይቃል። ፋና ያደገችበት አገር ይህን ያህል የሚያስጠይቅ ነገር እንዳለው አታውቅም ነበር።

«ወራጅ አለ!» አለችለት በሙሉ ድምጿ።

ሚኒባሱ ቆመ። ስሜነህ ወረደ። እሷም ወረደች፤ የምትኖርበት የአክስቷ የበለጡ ቤት ግን ገና ከፊት ነበር። ይህ ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚጠይቅ ማወቅ ፈለገች፤ ይኸው ነው።

ጊዜው አገሩ ሁሉ ስለ ባቡር የሚያወራበት፣ 2007 ዓ.ም. ነበር። ስሜነህን የላከው አማካሪ ድርጅት ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጎጃምን አቋርጦ ባሕር ዳር የሚገባ ልዩ ፈጣን የመንገደኛ ባቡር እያጠና ነበር። ወንበሩ እንደ አልጋ የሚዘረጋ፣ ምግብ የሚቀርብበት፣ እንደ አውቶቡስ በየከተማው የማይቆም ነው። መንገድ ላይ የሚቆመው በጣም ጥቂት ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ የት ይቁም የሚለውን ለመወሰን ሕዝቡን መጠየቅ ያስፈልጋል። ያ የስሜነህ ሥራ ነው። ለገጠሩ ደግሞ አዊኛ የሚችል ሰው ፈለገ። ፋና በመምህርነት ተመርቃ ምደባ እየጠበቀች ነበርና፣ እሱ በአማርኛ እየጠየቀ እሷ ወደ አዊኛ እየተረጎመች፣ እናቷ በምትኖርበት በአዲስ ቅዳም ከተማ ዙሪያ ያሉትን ቀበሌዎች ይዞሩ ጀመር።

ባቡር ለሚለው ቃል በአዊኛ ሌላ ስም ስላላወቀችለት እንዳለ ትለው ነበር። ምን ማለት ነው ብሎ የጠየቃት አንድም ሰው የለም። ሁሉም ያውቀዋል።

መልሱ ስሜነህን አስደነቀው። ባቡር ቢመጣላችሁ ትጠቀማላችሁ? ምን ጥያቄ አለው። በየስንት ጊዜው? በየሳምንቱ፣ ቢዘገይ በየአስራ አምስት ቀኑ። ይበልጥ የሚሄደው ማን ነው? ሴቶቹ ናቸዋ። ብቻቸውን? አንዳንዴ ከልጆቻቸው ጋር፣ አህያም ይዘው። ፈጣን ቢሆንስ? እሰየው፣ ወረፋው ገደለን እኮ። የማይቆም ቢሆንስ? እዚህ ላይ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ እጃቸውን ወደ ሰማይ ያነሱ ነበር። የማይቆም የሚያመጣላቸው ሰው እድሜ ይስጠው፣ ልጅ ይውጣለት እያሉ መረቁት። አያ ደጉ የሚባሉት ገበሬማ ከድንች ማሳቸው ቦታ ቆርሰው ለባቡሩ እንደሚሰጡ በሰው ፊት ቃል ገቡ።

ስሜነህ ነገሩ እንቆቅልሽ ሆነበት። የአዲስ ቅዳም ሴቶች በየሳምንቱ የት ለመሄድ ነው እንዲህ የጓጉት? ዘመድ ጥየቃ ይሆን? ንግድ? ጠበል? ከሥራ በኋላ ዘንገና ሐይቅ ዳር ይቀመጡና እሱ አንድ ምክንያት ይፈጥራል፣ ፋና ታፈርስበታለች። ፈርሶበት ሲስቅ ማየት ስለምትወድ አንዳንዱን ያለ በቂ ምክንያት ታፈርሰዋለች።

«ምናልባት የወደዱት መሄዱን ራሱን ይሆናል» አለ አንድ ቀን። «የትም ሳይሆን፣ ዝም ብሎ መሄድን።»

«እናቴን አታውቃትም» አለችው። «እንኳን ዝም ብላ ልትሄድ፣ ገበያ የምትወጣው ጨው ሲያልቅባት ነው።»

«እርስዎ» ማለቱን መቼ እንደተወችው ሁለቱም አላስተዋሉም።

«አንቺስ የት መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

ፋና ዓይኑን አየችው። በዛፉና በከሰሉ ጊዜ ያየችው ያው የማወቅ ጉጉት ነው፤ አሁን ግን የሚጠይቀው ስለ እሷ ነው። በሕይወቷ ብዙ ሰው ምን ማድረግ እንዳለባት ነግሯታል፤ ምን እንደምትፈልግ ጠይቆ፣ ዝም ብሎ መልሷን የጠበቃት ግን እሱ የመጀመሪያው ነው። ጉሙ ከሐይቁ ላይ እየተነሳ ወደ እነሱ ሲመጣ ጋቢዋን ጠቅለል አደረገች። እንደወደደችው ያን ጊዜ አወቀች።

በሚያዝያ የሥራው ኃላፊ ኢንጂነር ሀብቱ ከአዲስ አበባ ደወሉ። ስሜነህ ኔትወርክ ፍለጋ ከቀበሌው ቢሮ ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ወጥቶ ሲያነጋግራቸው ፋና ከታች ሆና ፊቱን እያየች ጠበቀችው። ሲወርድ እየሮጠ ነበር። ፈጣኑ ባቡር እንጅባራ ሊቆም ነው! በመስመሩ ሁሉ ይህን ያህል ተሳፋሪ የተገኘበት ቦታ የለም አሉ። የአካባቢው ቢሮ እዚሁ ይከፈታል፤ ኃላፊውም እሱ ነው።

«እቀራለሁ ማለት ነው» አላት፤ ለመስማት ጠጋ አለች። «ካልተከፈተ ወደ ሌላ መስመር ነበር የምላከው። አሁን ግን... ከፈቀድሽ እናትሽ ዘንድ ሽማግሌ ልላክ።»

ፋና መሬት መሬት እያየች ቅዳሜ ሄዳ ለእናቷ እንደምትነግራት ነገረችው። ልቧ ግን ከአሁኑ ሄዶ ነበር። እስከ ቅዳሜ ድረስ በለጡ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ካልነገረቻት አትሰማም።

ቅዳሜ እናቷ ቤት ስትደርስ እናቷ ደጊቱ የገብስ ጆንያ የተጫነ አህያ ይዛ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር። ተቆጥታለች።

«ምነው እማዬ?»

«ባቡሩ ቆመ» አለች ደጊቱ። «ይኸው ገብሴን እንደጫንኩ ሄጄ እንደጫንኩ ተመለስኩ። ከሚሠራበት ቀን እኮ የሚቆምበት በዛ። ያ ያንቺ ሰውዬ አመጣላችኋለሁ ያለው የማይቆም ባቡር መቼ ነው የሚመጣ?»

ፋና የአህያውን ገመድ እንደያዘች ቀረች።

ልጅ እያለች እሷም እዚሁ ደጅ ላይ «ባቡር ድረሺ» ስትባል እህል ተሸክማ ትሄድ ነበር። በዚህ አገር ገጠር ከድሮም ባቡር ማለት የእህል ወፍጮ ነው፤ የሚንደቀደቅ ሞተር ያለው፣ ጭስ የሚተፋ። እንጅባራ ለትምህርት ከገባች በኋላ እንደ ከተማው ልጅ ወፍጮ ማለት ለመደች፤ ቃሉ ከአፏ ወጥቶ ከጆሮዋም አብሮ ጠፋ። እሱ ባቡር ሲል ሐዲድ ታያት፤ ሰዎቹ ባቡር ሲባሉ ዱቄት ታያቸው። በመሃል የቆመችው እሷ ምንም አልታያትም።

ወረፋው፣ ሴቶቹ፣ አህያው፣ የማይቆመው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተገለጠላት። መጀመሪያ ሳቋ መጣ። እናቷም በምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራት ሳቀች። ከዚያ የፋና ሳቅ ተቋረጠ። እንጅባራ የሚከፈተው ቢሮ የተገኘው በወፍጮ ወረፋ ነው። ስሜነህ የሚቀረውም በወፍጮ ወረፋ ነው።

ዝም ብትል ማን ያውቃል? እሷ ካልተናገረች የሚናገር የለም። ባቡሩ ቆሞ ተሳፋሪ ቢያጣ ከስንት ዓመት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ትዳር ይይዛሉ፣ ልጅ ይወልዳሉ። ሐሳቡ ጣፈጣት፤ ጥቂት አብራው ተቀመጠች። ግን አያ ደጉ ትዝ አሏት። ማሳቸውን የሰጡት ሚስታቸው ወፍጮ ፍለጋ እንዳትደክም ብለው ነው። ሐዲድ ሲነጠፍበት ለማን አቤት ሊሉ ነው? የሽማግሌውን ነገር ለእናቷ ሳታነሳ ተመለሰች።

ሰኞ ስሜነህን ወደ አዲስ ቅዳም ወሰደችው። የት እንደሚሄዱ ደጋግሞ ቢጠይቃት አልነገረችውም። ወፍጮው ተጠግኖ ይንደቀደቃል፤ ሴቶች ጆንያቸውን ተደግፈው ተራ ይጠብቃሉ፤ አህዮች ደጅ ላይ ቆመዋል።

«ይህ ምንድን ነው ብለህ ባለ ወፍጮውን ጠይቀው» አለችው።

ስሜነህ ዱቄት የለበሰውን ባለ ወፍጮ፣ ደረሰ የሚባለውን፣ ጠጋ ብሎ ጠየቀው። ባለ ወፍጮው የከተማ ሰው ሊቀልድበት የመጣ መሰለው።

«ባቡር ነዋ» አለ።

ስሜነህ ሞተሩን አየ። ሴቶቹን አየ። አህዮቹን አየ። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ፤ ያ ዝግ ያለ ድምፅ ከወፍጮው በላይ ተሰማ። ሴቶቹም ተያይዘው ሳቁ። ፋና ብቻ አልሳቀችም፤ ፊቷን ሲያይ የእሱም ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ።

«መቼ አወቅሽ?»

«ቅዳሜ።»

«ዝም ማለት ትችይ ነበር።»

«እችል ነበር» አለች። «እንድትቀር ከእኔ በላይ የሚፈልግ የለም። ግን አያ ደጉን በየገበያው ላገኛቸው ነው፤ ምን ብዬ ሰላም እላቸዋለሁ?»

ስሜነህ መሬት ላይ የፈሰሰውን ዱቄት በጫማው ጫፍ ገፋ ገፋ አደረገ። ተናዶባት እንደሆነ አልገባትም። ኋላ እጇን ያዘ፤ በሰው ፊት እጇን ሲይዝ የመጀመሪያው ነበር። «እንደገና እንጠይቃቸው» አለ።

እንደገና ጠየቁ። በዚህ ጊዜ ሰው የሚጭን፣ በሐዲድ የሚሄድ፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚበር እያሉ አስረዱ። አያ ደጉ አገጫቸውን በዱላቸው ላይ አስደግፈው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ለመሆኑ ወራጅ አለ ቢሉት ይቆማል?» ብለው ጠየቁ።

«ከተባለለት ቦታ ውጭ አይቆምም፣ አያ ደጉ» አለ ስሜነህ።

«እንግዲያ ለሚያልፈው ሰው ነው እንጂ ለእኛ አይደለም» አሉ፣ ያለ ቁጣ። «ድንቼን እተክላለሁ።»

ስሜነህ የሆነውን ሁሉ ለኢንጂነር ሀብቱ ነገራቸው። የእንጅባራ ማቆሚያ ተሰረዘ፤ ቢሮውም ቀረ፤ እሱ በምሥራቅ ቆላ በኩል ወደሚጠና ሌላ መስመር ተመደበ። በሄደበት ጠዋት ፋና መናኸሪያ ድረስ ሸኘችው። ሁለቱም ስለ ጉሙ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ቆላው ሙቀት አወሩ፤ ስለሚፈልጉት ነገር አላወሩም። አውቶቡሱ ረዳቱ በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ሲነሳ ስሜነህ ከመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ አንድ ነገር ተናገረ። የሞተሩ ጩኸት ዋጠው። ፋና ከንፈሩን ብቻ አየች።

ምን ነበር ያለው? ዓመቱን ሙሉ ይህ ጥያቄ አልለቀቃትም። ሲደውል ልትጠይቀው ታስብና ታፍራለች፤ ስትደፍር ኔትወርኩ ይቆረጣል። እሱ የተመደበበት በረሃ ከእንጅባራ የባሰ ኔትወርክ የሌለው ሆኖ ስልኩ እየራቀ መጣ። በለጡ አንዳንድ ባል ሊሆን የሚችል ሰው ስም ማንሳት ጀመረች። ፋና እንጅባራ አስፋልቱ ዳር ባለ ትምህርት ቤት መምህርት ሆነች። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚሄደው ልዩ አውቶቡስ ሁልጊዜ በደጃቸው ያልፋል፤ መጋረጃው ተዘግቶ፣ ሳይቆም። ሲያልፍ ቀና ብላ የማየት ልማድ ነበራት። ለምን እንደምታየው ራሷን ጠይቃ አታውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቿን አሰናብታ መንገድ ልትሻገር ስትል፣ አውቶቡሱ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ብሎ እንደ ልማዱ አለፋት። ከዚያ ፍሬኑ ጮኸ። ትንሽ ሄዶ ቆመ። የባጃጅ ሹፌሮች አንገታቸውን አወጡ፤ ያ መኪና እዚያ ሲቆም ያየ ሰው አልነበረም። በሩ ተከፈተና ረዳቱ በመጀመሪያ እያጉረመረመ፣ ቀጥሎ ቦርሳ እየወረወረ ወጣ። በመጨረሻ ስሜነህ ወረደ። በቆላው ፀሐይ ጠቁሯል፣ ድምፁ ተዘግቷል።

ፋና መንገዱን ሳትሻገር ቆመች። እሱ ነው ወደ እሷ የመጣው።

«እንዴት ቆመልህ?» አለችው፤ ከዓመት በኋላ ያገኘችው ቃል ይህ ብቻ ነበር።

«ጮኬ» አለ። «ባሕር ዳር ድረስ ሊተኛ ያሰበው መንገደኛ ሁሉ ነቅቶ እየሰደበኝ ነው።»

ሥራውን ለቆ መጣ። ዞኑ የገጠር መንገድ የሚያጠና ሰው ሲፈልግ ተወዳድሮ አልፏል፤ በወሩ መጀመሪያ ይጀምራል። ይህን ሁሉ በዚያ በተዘጋ ድምፁ ሲነግራት፣ ለመስማት ጠጋ አለች፤ ከሰማችም በኋላ አልራቀችም።

«ለእናትሽ ባቡር አላመጣሁም» አለ። «ይቀየሙኝ ይሆን?»

«ትቀየምሃለች» አለች ፋና፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «አንድ ነገር ንገረኝ። የሄድክ ቀን በመስኮት ምን ነበር ያልከኝ?»

ስሜነህ አፈረ። መሬቱን አየ፣ የሄደውን አውቶቡስ አየ፣ እሷን አየ።

«ላንቺ አልነበረም፤ ለረዳቱ ነበር» አለ። «ወራጅ አለ ነበር ያልኩት። አልሰማኝም።»

ፋና ከቦርሳው አንዱን አንስታ ያዘች፤ ጎን ለጎን ሆነው ወደ በለጡ ቤት የሚወስደውን መንገድ ያዙ።