ረቡዕ ጠዋት የፈረመው ሰው

ታላቅ ወንድም እንዲህ ሲል ቃሉን ሰጠ፦ «አባቴ ከመሞቱ በፊት አርባ ቀን ሙሉ ከአልጋ አልወረደም። ውሃ እንኳ በማንኪያ ነበር የሚጠጣው። ታዲያ በየት እግሩ ሄዶ ነው ኑዛዜ የፈረመው?»

ታናሽ እህት እንዲህ ስትል ቃሏን ሰጠች፦ «ሰው ከደገፈው ይራመድ ነበር። ረቡዕ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ማታ ስገባ ‹ዛሬ ሄጄ ፈረምኩልሽ› አለኝ። ወረቀቱ ትራሱ ሥር ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ሁለቱን ቃሎች ጠረጴዛዋ ላይ ጎን ለጎን ዘርግታ ቆማ ታነባለች። መቀመጥ አልሆነላትም። ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ጊዜ ተቀምጣ ሁለቴም ተነስታለች። ከእነዚህ ከሁለቱ አንዳቸው ዓይናቸውን በጨው ታጥበዋል።

ኑዛዜው ከጸና ቤቱ በሙሉ የእህት ነው። አሥራ አንድ ዓመት አባቷን ያስታመመችበት፣ ሌላ መጠጊያ የሌላት ቤት። ከፈረሰ ግን ከወንድሟ ጋር እኩል ይካፈሉታል።

መጀመሪያ የጠረጠረችው የሰነድ አረጋጋጩን ነበር። የተኛ ሰው መጥቶ ፈረመ ከተባለ፣ ማህተሙን የያዘው ሰው በልቷል ማለት ነው ብላ።

አረጋጋጩ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ የወረደ ቀጭን ሰው ነው። ማህተም መምታቱን ሳያቋርጥ መለሰላት።

«አስታውሳቸዋለሁ። ደከም ብለዋል፤ ግን በእግራቸው ነው የገቡት።»

«መታወቂያ አዩ?»

«አየሁ። ፊታቸው ራሱ ነው።»

«ማን ይዟቸው መጣ?»

«ብቻቸውን ነበሩ። ቢኖርም ኑዛዜ ሲሆን ቤተሰብ ውጭ ነው የሚቆመው። በሩን እዘጋና ልጆችዎ ስንት ናቸው፣ ለማን ነው የሚሰጡት፣ ማን አስገደደዎት እላለሁ። እንደ ውሃ አወረዱልኝ። ስለ ትልቁ ልጃቸው እንዲያውም ‹እሱ ስልክ እንጂ እግር የለውም› ብለው አሳቁኝ።»

«ስንት ተቀበሉ?»

ማህተሙ አየር ላይ ቀረ። «እኔ የገዛ እናቴን ወረፋ አስጠብቄ እስከ ዛሬ ያኮረፈችኝ ሰው ነኝ። ደጅ የቆሙትን ይጠይቁ።»

አመነችው። ማመኗ ደግሞ ይበልጥ አቁነጠነጣት። ልትወጣ ስትል ዋናውን ሰነድ እንዲያሳያት ጠየቀችው። ከፊርማው ሥር የአውራ ጣት አሻራ አለ። መስመሩ አንድ በአንድ የሚቆጠር፣ ጥርት ያለ።

«ሁሌ እንዲህ ጥሩ ይወጣል?»

«የት! ድንጋይና ኖራ ሲነካ የኖረ እጅ አሻራው ተፍቆ ያልቃል። ያኔ ‹ጣቱ አልያዘም› ብለን እንጽፍና በምስክር እናጸናዋለን።»

ሟቹ ዕድሜ ልካቸውን ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ።

ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። ከሰዓት በፊት የቤቱን የድሮ ማህደር አስወጣች። ቤቱን ሲያስመዘግቡ ያተሙት አሻራ ቅርጽ የሌለው ጥቁር የቀለም ጠብታ ነው። ከጎኑ አንድ ሰው በእጁ «ጣቱ አልያዘም» ብሎ ጽፏል።

ወዲያው ለታላቅ ወንድም ደወለች። «አባትዎ ወንድም አላቸው?»

«አንድ። ፀጉር አስተካካይ ነው። ሰፈሩ ‹መንታው› ነው የሚለው፤ መንታ አይደሉም እንጂ፣ በሁለት ዓመት ይበላለጣሉ። ለምን ጠየቁኝ?»

የፀጉር ቤቱን አድራሻ ተቀብላ ስልኩን ዘጋች።

ሽማግሌው ባዶ ወንበራቸውን በጨርቅ ሲጠርጉ ደረሰች። ፊታቸው የሟቹ መታወቂያ ላይ ያለው ፊት ነው።

«ጋሼ፣ ፀጉሬን ልቆረጥ አይደለም የመጣሁት።»

«ገና ስትገቢ አውቄያለሁ፣ ልጄ። ሊቆረጥ የመጣ ሰው መስታወቱን ነው የሚያየው። አንቺ እጄን አየሽ።»

«ረቡዕ ሦስት ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

ጨርቁን አጥፈው ትከሻቸው ላይ ጣሉት። «ወንድሜን ሆኜ ነበር።»

«ለምን?»

«ቤቱ ለልጅቷ ይሁን አለ፤ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። አረጋጋጭ ቤት ድረስ እንዲመጣልን አመለከትን፤ ለሃያ ቀን ቀጠሩን። ሐኪሙ ደግሞ ከሳምንት አያልፍም አለ። ፊቴ ፊቱ ነው፣ ቃሉም የራሱ ቃል። የጎደለው እግር ብቻ ነበር፤ እሱን አዋስኩት።»

«አልጋው አጠገብ ምስክር ጠርታችሁ ብታጽፉ ይበቃ ነበር እኮ።»

ትክ ብለው አዩዋት። «ማህተም የሌለው ወረቀት ማን ይሰማዋል ብለን።»

«‹ብለን› ያሉት ከማን ጋር ነው?»

«ከወንድሜ ጋር። እሱ ነው ሂድልኝ ያለኝ። ልጅቷ የምታውቀው ነገር የለም።»

ይህችን የመጨረሻዋን ሳይጠየቁ፣ ፈጠን ብለው ነው የጨመሯት።

በማግስቱ ሦስቱም ቢሮዋ ተገኙ። አጎትየው መሬት መሬት ያያሉ። ታላቅ ወንድም ኮፍያውን በጣቶቹ ያሽከረክራል። እህት እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራለች።

ኢንስፔክተሯ አሁንም ቆማለች። «ነገሩን ሳልሸፍን ልንገርሽ፣ እህቴ። ኑዛዜው ፈርሷል። አጎትሽ ሐሳቡ የአባትሽ ነው፣ አንቺ አታውቂም ብለዋል። ይህ እውነት ከሆነ ጥፋቱም እስሩም የእሳቸው ብቻ ይሆናል፤ አንቺ እዚህ ትፈርሚና ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ፤ የቤቱ ግማሽም ያንቺ ነው። አውቀሽ ከሆነ ግን ሕጉ ሌላ ነው። ሐሰተኛ ኑዛዜ ያሰናዳ ወራሽ ድርሻውንም ያጣል፤ እስሩም አለ።»

«አታውቅም አልኩ አይደል» አሉ ሽማግሌው። «ስንቴ ልበል?»

ታላቅ ወንድም ጉሮሮውን ጠረገ። «ግማሹ ይበቃኛል እኮ። ፈርሚና እንሂድ።»

እህት ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበችው። ብዕሩን አነሳች፤ መልሳም አስቀመጠችው።

«አባቴ ቤቱን ለእኔ ማለቱ እውነት ነው» አለች። «አጎቴን ግን አባቴ አይደለም የላከው። ሦስት ቀን ሙሉ እምቢ እያለኝ፣ እግሩ ላይ ወድቄ የለመንኩት እኔ ነኝ። ለሰባ ዓመት ሰው እስር ቤት አላወርስም። ወረቀቱን ይቀይሩትና እንደዚህ ብለው ይጻፉት፤ እሱን እፈርማለሁ።»