ንግሥቲቱን ስጥ

የቼዝ መምህሩ አስም አፍኗቸው፣ ከኮምፒውተሩ ፊት ለፊት ጠረጴዛቸው ላይ እንደተደፉ ተገኙ። ከኪሳቸው የማይለየው መድኃኒት ከኮምፒውተሩ ጀርባ ተወሽቆ ሲገኝ፣ መርማሪዋ ነገሩ የበሽታ ብቻ እንዳልሆነ ገባት።

አስከሬኑን ከመሸ በኋላ ያገኙት የሟቹ የድሮ ጓደኛ ናቸው፤ ሰፈሩ «ጋሽ ቼክ» ይላቸዋል።

«ቼክ ማለት እንጂ ማሸነፍ አያውቁም» አሉ ሚስትየው፣ ዓይናቸው እንዳበጠ። «ግን ሰው አይገድሉም። እኔ እህቴ ጋ ነው የዋልኩት።»

የቀረው ልጅየው ነው። ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም ሠርቷል። አባቱ ግን አንድ አስቸጋሪ የቼዝ አሰላለፍ ፈጥረው፣ መልሱን ለማንም ሳይነግሩ፣ «ይህን የሚፈታ ማሽን ገና አልተወለደም» እያሉ ያሾፉበት ነበር።

«ማሽንህ ፈታው?» አለችው መርማሪዋ።

«ፈታው። ምሳ ስንበላ ነው ያስጀመርነው። ወዲያው ንግሥቲቱን ስጥ አለ። አባዬ አይቶ ግንባሬን ሳመኝ። ከዚያ ወጣሁ።»

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ያንኑ አሰላለፍ ለዚያው ፕሮግራም ሰጠችው። ማሽኑ «ወታደሩን ብላ» አለ። ሰዓታት አለፉ፤ አሁንም ወታደሩን። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሐሳቡን ለወጠ፦ ንግሥቲቱን ስጥ።

«አይ አንተ ሰው» አሉ ጋሽ ቼክ፣ ለሟቹ። «ይህን ኖሯል የደበቅከኝ።»

መርማሪዋ ወደ ልጁ ዞረች። «ማሽኑ መጀመሪያ የቅርቡን ጥቅም ነው የሚያየው። ንግሥቲቱን መስጠት እንደሚያዋጣ የሚገባው ሩቅ ካሰላ በኋላ ነው። ግማሽ ቀን ፈጀበት። አባትህ ደግሞ ከምሳ በኋላ ብዙም አልቆዩም፤ ሐኪሙ አረጋግጧል። እናትህና ጋሽ ቼክ መልሱን ገና ዛሬ አዩት። አንተ ግን ትናንት ታውቀው ነበር። እዚህ ቁጭ ብለህ ነው ያየኸው። እሳቸው አላዩትም። አልሳሙህምም።»



«አባዬ ማሽኑን አጥፋው አለኝ» አለ ልጁ። «ተናድጄ መድኃኒቱን ወሰድኩበት። መልሱ ሲመጣ እሰጥሃለሁ አልኩት። አሁን የሚመጣ መስሎኝ ነበር። ዓይኔ ማሽኑ ላይ ነው። ሲያስል የሚያሾፍብኝ መሰለኝ። ዝም ሲል ደግሞ አብሮኝ የሚያይ መሰለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ዞር ስል ሞቷል። ማሽኑን ግን ማጥፋት አቃተኝ። እጁን ይዤ መልሱን ጠበቅኩ።»

እናትየው ተነሡ። «ጠርቶህ ነበር?»

«ጠርቶኛል፣ እማዬ።»

ፖሊሶቹ ሊወስዱት ሲሉ እናትየው ቀረብ ብለው የጃኬቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፉለት። «ውጪው ይበርዳል» አሉት። ፊቱን ግን ቀና ብለው ማየት አልቻሉም።