የለንሳ ሰርግና የእድሩ ድንኳን

የሰደበው ፊራኦል ነው። ሚያዝያ አሥር፣ ሐሙስ፣ በሁለተኛው እረፍት፣ የትምህርት ቤቱ ቧንቧ አጠገብ። ፍሮምሳ ውሃ ሊጠጣ ጎንበስ ብሎ ነበር፤ አፉን ሳይጠርግ ነው የሰማው።

«በለቅሶ ድንኳን ልትደግሱልን ነው አሉ። ወንድሜ ሙሽራ ነው ወይስ ሬሳ?»

ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። አንዷ ልጅ እንዲያውም ደብተሯ ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። ፍሮምሳ የሳቁትን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። እንዲህ ያለው ነገር ይረሳል የሚሉ ሰዎች ተሰድበው የማያውቁ ናቸው።

የፍሮምሳ አባት ኦቦ ሂርጳ የሰፈሩ እድር ንብረት ያዥ ናቸው። ድንኳኑ የሚቀመጠው እነሱ ቤት፣ ከጓዳው ጀርባ ነው። ሰው ሲሞት ይወጣል፤ ሰርግ ሲኖርም፣ በመካከል ለቅሶ ካልመጣ፣ ይፈቀዳል። አምቦ ውስጥ ይህ ማንንም አያስገርምም። ፊራኦል ግን አክስቱ ቤት ተቀምጦ እዚህ ይማራል እንጂ ቤተሰቦቹ ያሉት ጊንጪ ነው። ታላቅ ወንድሙ ቀንዓ ደግሞ የፍሮምሳን እህት ለንሳን ሊያገባ ነው።

ለንሳ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ከቤታችን ጀርባ፣ ሣሩ ላይ፣ ዝግባው ሥር። ሰማይ እያየሁ ነው የምዳረው።»

«በግንቦት?» አሉ አባቷ።

«ስልኬ ፀሐይ ነው ይላል፣ አባ።»

«ስልክሽ አምቦን መቼ አይቶ ያውቃል?»

ስልኩ ፀሐይ ይላል፣ ሬዲዮው ደመና ይላል፣ ጎረቤቱ ጉልበቱን እየዳሰሰ የየራሱን ይላል። በመጨረሻ መላ ያመጣው ፍሮምሳ ነው። ቋሚዎቹ ቀድመው ዙሪያውን ይተከሉ። ሸራው በአንድ ወገን ተጠቅልሎ ይታሰር። ሰማዩ ከጠቆረ የሰፈሩ ልጆች ገመዱን ይዘው ይጎትቱታል። ለንሳ ሰማይዋን ታገኛለች፤ ዝናብ ቢመጣም አትበሰብስም። ይህን ስትሰማ ጉንጩን ሳመችው። ፕሮግራሙም ጠዋት ሦስት ሰዓት ተጀምሮ፣ የከሰዓቱ ዝናብ ሳይደርስ እንዲያልቅ ተባለ።

የቀረው ስጋት ጎረቤታቸው ኦቦ ሌታ ነበሩ። ሽማግሌው ከፋሲካ ወዲህ ከአልጋ አልተነሱም። እሳቸው ከሞቱ ድንኳኑ ወደ እሳቸው ግቢ ነው የሚሄደው። የፍሮምሳ እናት በየቀኑ ሾርባ ትወስድላቸው ጀመር።

«ለሰውየው ነው ለሸራው?» ይሏታል ኦቦ ሂርጳ።

«ለሁለቱም ቢሆንስ» ትላለች።

የሰርጉ ቅዳሜ ነጋ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ ሙሽራ የለም። አምስት ሆነ። መንገድ ላይ ለቪዲዮ ቆመዋል ተባለ። ያቆማቸው ማን እንደሆነ ፍሮምሳ ሳይነገረው ያውቃል። መኪኖቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ ሲደርሱ ሰባት ሰዓት አልፏል፤ ከወንጪ በኩልም ደመናው ጠቁሮ መጥቷል።

በወጉ የሙሽሪት ወገን በር ይዘጋል፣ የሙሽራው ወገን እየዘመረና እየለመነ ይገባል። መወርወሪያውን የያዘው ፍሮምሳ ነው። ይህን ቦታ ቀደም ብሎ ለምኖ ነው ያገኘው። ፊራኦል ይቅርታ ካላለ አይከፍትም። ይህንን ለማንም አልተናገረም።

በበሩ ስንጥቅ አየው። ግራጫ ሱፍ፣ ነጭ ጫማ። የመጀመሪያው ጠብታ ቆርቆሮው ላይ ጠብ አለ።

«ክፈት አቦ፣ ፍሮሜ» አለ ፊራኦል። «ሱፉ የኪራይ ነው።»

«መጀመሪያ የምትለው ነገር አለ።»

«ምን ልበል? ዘመርን፣ ለመንን፣ ሽቶ ረጨን።»

«አስብ።»

«ሙድ አትያዝብኝ በናትህ፣ እየዘነበ እኮ ነው።»

ፍሮምሳ ደስ አለው። እውነቱን ለመናገር፣ በጣም ደስ አለው። ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ጠብታው በነጩ ጫማ ላይ ሲያርፍ ያስብ ጀመር። ያኔ ነው ለንሳን ያያት። በረንዳው ላይ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ ቆማለች። የምታየው ሰማዩን አይደለም፤ ሸራውን ነው። ሸራው እንደተጠቀለለ ነው። ገመዱን መጎተት ያለባቸው ልጆች በሙሉ እዚህ፣ ከእሱ ጋር በሩን ደግፈው ቆመዋል። በር የሚዘጉትም ሸራ የሚስቡትም እነዚያው ልጆች መሆናቸውን፣ መላውን ያመጣው ፍሮምሳ ራሱ እንኳ አላሰበውም ነበር።

መወርወሪያውን ሳበ።

«ኮታ፣ ኮታ፣ ኑ፣ ወደ ገመዱ» እያለ ሮጠ። የዘጋውም የተዘጋበትም ተከተለው። ሙሽራው ራሱ አበባውን ለእናቱ ሰጥቶ አንዱን ገመድ ያዘ። ኦቦ ሂርጳ የሌላውን ጫፍ ፊራኦል እጅ ላይ ጠመጠሙና «ሳብ፣ ሚዜ» አሉት። ነጩ ጫማ ጭቃ ውስጥ ገባ። ሸራው ከዝግባው እስከ አጥሩ ተዘረጋ፣ ዝናቡም ያን ጊዜ ተለቀቀ።

ከሥሩ ሁሉም እየሳቀ ነበር። የቤተ ክርስቲያናቸው መጋቢ ከዝናቡ ጋር እየተፎካከሩ አስተማሩ። ለንሳ «አዎ» ስትል የሰማት ስላልነበረ እንደገና ጮክ ብላ አለችው፤ እልልታው ቀለጠ። መሀል ላይ ኦቦ ሌታ በሁለት ሰው ተደግፈው መጡና የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ድንኳኑን እንዳልወስድባችሁ ብዬ ነው የቆየሁት» አሉ። የፍሮምሳ እናት በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

ፍሮምሳ ከምሰሶው አጠገብ ቆሞ ሳለ ፊራኦል እጀታውን እየጨመቀ መጣ። ቀና ብሎ ሸራውን አየ፣ ከዚያ ጫማውን አየ።

«ያን ቀን፣ ቧንቧው ጋ» አለ። «ቀልድ ነበር እኮ። ተቀየምክ እንዴ?»

ፍሮምሳ መልስ ነበረው። ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ በየመንገዱ ሲስለው የከረመ፣ ፊራኦልን በእግሩ ጊንጪ የሚያደርስ መልስ ነው። የሚሰማ ሰውም ሞልቷል። «ቀልድ ነበር» ማለት ደግሞ ይቅርታ ማለት አይደለም። ፍሮምሳ ልዩነቱን ያውቃል።

ከሙሽሮቹ ወንበር በላይ ሸራው ውሃ አቁሮ ሆዱን ነፍቷል። ምሰሶው ላይ ውሃውን መግፊያ ሁለት ረጃጅም እንጨቶች ተደግፈዋል። ፍሮምሳ አንዱን አነሳ። ሌላውን ፊራኦል እጁን ቢዘረጋ በሚደርስበት ቦታ ተወው። ከዚያ በዘማሪዎቹ መሀል አልፎ ወደ እህቱ ሄደ።