ሳይዘንብ የሞላው የዝናብ መለኪያ

ይህን የምጽፈው ሰው ላስደነግጥ ብዬ አይደለም። የሆነውን ነው። ያላመነ አቃቂ ይምጣና የልጄን አከራይ አደሴን ይጠይቅ፤ እሷም በጆሮዋ ሰምታለች።

ነሐሴ 14 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ የቡሄ ማግስት። ከጠዋቱ ልክ ሦስት ሰዓት...

ግቢያችን መሃል የዝናብ መለኪያ አለ። ክብ ቆርቆሮ ነው፤ ላዩ ላይ ኢምቡቶ ተገጥሞለታል። ባለቤቴ ሀብተሚካኤል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት እየለካ ለአየር ጠባይ ሰዎች ያስመዘግብ ነበር። ሲሞት "አሁን ማን ይለካል?" አሉ።

"እኔ" አልኩ።

ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ቁጥር ግን አውቃለሁ። ውሃውን መስመር ወዳለው ብርጭቆ ትገለብጫለሽ፣ ያየሽውን ትናገሪያለሽ። ሌላ ጥበብ የለውም።

በዚያ በቡሄ ሳምንት ዝናቡ ቀጥ አለ። በክረምት ሙቀት! ጣሪያው በፀሐይ ቋ... ቋ... ይላል። ሬዲዮው "ነጎድጓድ የቀላቀለ ዝናብ ይጠበቃል" ይላል፤ ሰማዩ ላይ ግን መዳፍ የምታህል ደመና የለችም።

ነሐሴ 12 ጠዋት መለኪያውን ከፈትኩ።

ውሃ አለበት።

ሌሊቱን ጠብ አላለም፤ መሬቱ አቧራ ነው። ብርጭቆው ግን 14 ሚሊ ሜትር አለ። ደውዬ ነገርኳቸው።

"እናቴ፣ በእናንተ በኩል እኮ አልዘነበም" አለኝ ስልኩን ያነሳው ልጅ።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ 14 ከየት መጣ?"

"ስንት ነው ብላችሁ እንጂ ከየት መጣ ብላችሁ አልቀጠራችሁኝም" አልኩና ዘጋሁት።

ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰማዩ ተቀደደ። ግማሽ ሰዓት ወረደና አባራ። እልኸኛ ነኝ፤ ወዲያው ሄጄ ለካሁ።

14።

ደፋሁት። በጨርቅ አደረቅሁት። በማግስቱ ጠዋት 22 ሆኖ ጠበቀኝ። ከሰዓትም 22 ዘነበ።

ያኔ ገባኝ። መለኪያው ያለፈውን ትቷል... የሚመጣውን ነው የሚለካው።

ነሐሴ 14 ጠዋት ኢምቡቶውን ሳነሳው ውሃው ገንፍሎ እጄ ላይ ፈሰሰ። ሞቃት ነው። ቡናማ ነው። ወንዝ ወንዝ ይሸታል።

ከሰማይ ጭቃ አይዘንብም።

ብርጭቆው ሞላ፣ ደፋሁ፤ ሞላ፣ ደፋሁ... ቁጥሩ ጠፋኝ። ከቆርቆሮው ስር የሆነ ነገር ቃጭ አለ።

ቁልፍ።

የኢምቡቶው ቀዳዳ ሽምብራ እንኳ አያሳልፍም። ቁልፉ ዝጓል። ራሱ ላይ ቀይ ክር ታስሯል። ያሰርኩት እኔ ነኝ። የልጄ የእድላዊት የቤት ቁልፍ ነው።

ያለችኝ አንድ እሷ ናት። ቂሊንጦ ልብስ ፋብሪካ ማታ ትሠራለች፣ ቀን ትተኛለች። የተከራየችው የአደሴን ቤት ነው፤ ወንዙ አፋፍ ላይ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጎርፍ ቢመጣ እንቅልፍ ላይ ናት።

ነጠላዬን በቅጡ ሳልለብስ ሮጥኩ። በሩን ደበደብኩት። ዓይኗን እያሻሸች ከፈተች።

"እማዬ? ማን ሞተ?"

"ቁልፍሽ የት አለ?"

ከአንገቷ መዝዛ አሳየችኝ። የኔን አጠገቡ አስጠጋሁት። ጥርሳቸው አንድ፣ ክራቸው አንድ። የሷ ያብረቀርቃል፣ የኔ ዝጓል።

"ከየት አመጣሽው?" አለች በሹክሹክታ።

"ከመለኪያው። ጎርፍ ሊመጣ ነው፣ ተነሽ።"

ሳቀች። "ቆርቆሮ መክሮሽ ነው? 'ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት' የምትዪው አንቺ አይደለሽ?"

"እድልዬ፣ ተነሽ ብያለሁ!"

"ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ ነው ያደርኩት። ልተኛበት።"

እልኋን ከኔ ነው የወሰደችው። ብርድ ልብሱን ተከናንባ ተኛች። እኔም ከእግሯ ስር ተቀመጥኩ። አልለቅም።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ቤቱ ጨለመ።

መብረቅ...

ሁሉ ነገር ነጭ ሆነ። ዓይኔ ሲመለስልኝ እድላዊት በሩ ጋ ቆማለች። ለብሳ ጨርሳለች።

"እንሂድ እማዬ።"

አንድም ቃል አልተከራከረችም። ብርድ ልብሱ አልጋው ላይ ጎበጥ እንዳለ ነው። ደስ ብሎኝ ልብ አላልኩትም። በሩን ልቆልፍ ብዬ ቁልፍ ስከት የገባው የዛገው ነው። እንደ ቅቤ ዞረ።

እጇን ይዤ ወደ ላይኛው መንገድ ወጣን። ዝናቡ በባልዲ ነው የሚገለበጠው። ሰፈርተኛው ሁሉ እዚያ ቆሟል። ወንዙ ሲመጣ ጮኸ... ከዚያ ሰማነው።

"እማዬ!"

ከታች ነው። ከቤቱ ውስጥ።

"እማዬ! በሩ ተቆልፏል! ክፈቺልኝ!"

አደሴ ክንዴን ያዘችኝ። "አንቺ ሴትዮ! ልጅሽን ውስጥ ጥለሻት ነው የወጣሽው?"

"ይችውልሽ አይደለችም እንዴ!" አልኩ።

አደሴ ወደ ጎኔ አየች። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች።

ያኔ ነው እጇ የተሰማኝ። የኔ እጅ ውሃ ያንጠባጥባል። እጄ ውስጥ ያለው እጅ ግን ደረቅ ነው። ትኩስ... ፀሐይ ላይ እንደዋለ ቆርቆሮ።

"አትሂጂ" አለችኝ ቀስ ብላ። ያዘችኝ። ታገልኩ፤ ጣቶቿ አልላላ አሉ።

ቤቱ ከነድምፁ ሄደ።

በማግስቱም ይዘንብ ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ ብርጭቆዬን ይዤ ወጣሁ። ትናንት እጄን የያዘችኝ ቀድማኝ መለኪያው አጠገብ ቆማለች፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ። ዝናቡ እየወረደባት ቀሚሷ ደረቅ ነው። ከእግሯ ስር ያለው መሬት አቧራ ነው።

"እማዬ" አለች ሳትዞር፣ "ዛሬ ዜሮ በያቸው።"

መለኪያውን ከፈትኩ። ደርቋል። ጠብታ የለበትም።

ጭኔን የሆነ ሙቀት ነካው። ኪሴ ውስጥ እጄን ከተትኩና የዛገውን ቁልፍ አወጣሁት። ቡናማ ውሃ ያንጠባጥባል። ጠብ... ጠብ... አላቆም አለ።

አሁን የሚመጣውን የያዘው እሱ ነው። ብርጭቆውን ከስሩ ደቀንኩለት።

14... 22... 40...

እየሞላ ነው።